ስምንቱ የሐር ቁራጮችና አንቀጽ አሥራ አራት

አቃቂ፣ መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለእምነት፣ ቼንግዱ፣ ቻይና

ልጄ እምነት፣ በሰው አገር ያለሽውን አምላክ ከክፉ ይሸሽግሽ፤ የአባትሽንም ነፍስ በሰላም ያሳርፍ። እኔን ብትጠይቂ ቆሜአለሁ።

ባለፈው ሳምንት ልጄ አሰጋሽ ከሳሪስ መጥታ የላክሽውን በስልኳ አሳየችኝ። አንድ ቻይናዊ ሽማግሌ እጁን ወደ ላይ ይሰቅላል፣ መልሶ ያወርዳል፤ ከኋላው ሙዚቃ አለ። ሁለት ጊዜ አየሁት። ሦስተኛ ላየው ስል ስልኩ ጮኸ፣ ሽማግሌው ጠፋ፣ ልጄም ወሬዋን ጨርሳ ወደ ቤቷ ሄደች። ይኼ ትምህርት አይደለም። እኔ ማንበብ የጀመርኩት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ የጥጥ ማበጠሪያ ማሽን መፍታትና መግጠም የተማርኩት ደግሞ ያለ አስተማሪ፣ ከማሽኑ መጽሐፍ፣ ያልገባኝን ገጽ አሥር ጊዜ እየተመለስኩ ነው። ስለዚህ ነገሩ ይረባል ብለሽ ካመንሽ በወረቀት ጻፊው፤ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ሣዪው፤ ቁጥር ስጪውና በፖስታ ላኪው።

ለምን እንደፈለግሁት ልንገርሽ፤ ከአሰጋሽ የሰማሽው ግማሹን ነው። ሐኪሙ ሳንባዎ ጠቧል፣ የጠበበው ተመልሶ አይሰፋም አለኝ። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠላሳ አንድ ዓመት የጥጥ ብናኝ ውጫለሁ፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሲጋራ አጭሻለሁ። በማንም አላማርርም። በአፍ የሚነፋውን መድኃኒት፣ እነሱ ፓፍ የሚሉትን፣ አዘዘልኝ። እስከዚህ ተስማማን። ከዚያ ግን «አባቴ፣ ከእንግዲህ ቤትዎ አረፍ ይበሉ» አለኝ። ተነሥቼ ወጣሁ።

የእኛን እድር ታውቂዋለሽ፤ ዘጠና አባወራ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዳኛ ሆኜ አገልግያለሁ። የደንባችን አንቀጽ አሥራ አራት እንዲህ ይላል፦ ዳኛው የእድርተኛን ቀብር ሁሉ በእግሩ ይሸኛል፤ አፈር ከመመለሱ በፊት ካልደረሰ እንደ ቀረ ይቆጠራል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የቀረ ዳኛ ማኅተሙን ያስረክባል፣ ስሙም በአቅመ ደካሞች መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ይህን አንቀጽ ያኔ ጸሐፊ ሳለሁ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት ዳኛ የነበረውን ወንድዬን፣ ጉልበቱ ሲከዳው፣ በዚሁ አንቀጽ ያወረድኩትም እኔ ነኝ።

መስከረም 10 ቀን አንድ ጎረቤታችን ተቀበረ። ከለቅሶው ድንኳን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሠላሳ አንድ የመብራት ምሰሶ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። አሮጌውን ሐዲድ እንደተሻገርን ዳገቱ ይጀምራል። እዚያ ላይ ትንፋሼ አለቀ፤ ጉልበቴ ታጠፈ። ስደርስ መቃብሩ ላይ አበባ ተቀምጦ ነበር። አንድ ተቆጠረብኝ። የቀረኝ አንድ ነው።

ካሳሁን፣ አሁን የእድሩ ጸሐፊ የሆነውና በፋብሪካው ከእኔ ጋር ሃያ ዓመት የሠራው፣ አንቀጹ ይሻሻል፣ ዳኛ በባጃጅ ይሂድ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ለወንድዬ ያልተሻሻለ ለእኔ አይሻሻልም አልኩት። በባጃጅ የሚሸኝ ሰው ደግሞ ተሳፋሪ እንጂ ዳኛ አይባልም።

ገንዘብ እንዳትልኪ። ወረቀት ላኪ።

አጎትሽ ተክሌ


ቼንግዱ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ተክሌ፣

ሰላምዎ ይብዛልኝ፤ ጉልበትዎን ከሩቅ ስሜአለሁ። ደብዳቤዎ በሃያ ስድስት ቀኑ ደረሰኝ። ሥዕሎቹን ለመጨረስ ደግሞ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ሠዓሊ እንዳልሆንኩ ያውቃሉ፤ ይታገሡኝ።

እንቅስቃሴው ባዱዋንጂን ይባላል። በእኛ ቋንቋ «ስምንቱ የሐር ቁራጮች» እንደ ማለት ነው። እኔ በምማርበት ሆስፒታል የሳንባ ሕመምተኞች ከመድኃኒታቸው ጋር ይሠሩታል። ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ ሃያ የሚሆኑ አዛውንት ይሰለፋሉ፤ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር አለ፣ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ የነበረ አለ፣ ሰማንያ ሁለት ዓመት የሞላቸው ልብስ ሰፊ አሉ። እውነቱን ልንገርዎ፣ መጀመሪያ ሳያቸው ሳቄ መጥቶ ነበር። ይህ እጅ ማንሣትና ማውረድ ለሳንባ ምን ይፈይዳል ብዬ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የከሰል ሠራተኛው በደረጃ ሁለተኛ ፎቅ ሲወጣ አየሁት። ሳንባው አልታደሰም፤ ያለችውን ትንፋሽ ሳያባክን መጠቀም ለመደ። እግሩም ጠነከረ።

ስምንቱን ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ። አንደኛው ጣቶችን አቆላልፎ ሰማይ የሚደግፉ ያህል መዳፍን ወደ ላይ መግፋት ነው። ሁለተኛው ቀስት እንደሚስብ ሰው ነው። ሰባተኛው ጡጫ ጨብጦ ዓይንን አፍጥጦ ማየት ነው፤ እሱን ማስተማር የሚያስፈልግዎ አይመስለኝም። ስምንተኛው ተረከዝን አንሥቶ መልሶ በቀስታ መጣል ነው። ስድስተኛው ወደ እግር ማጎንበስ ስለሆነ ለጊዜው እስከ ጉልበትዎ ብቻ ይውረዱ። በሁሉም ላይ በአፍንጫዎ ይሳቡ፤ ሲያወጡ ከንፈርዎን ሻማ እንደሚያጠፋ ሰው ጠበብ ያድርጉ፤ የሚያወጡት ከሚስቡት ይርዘም። ኃይል አይጠቀሙ።

ሦስት ነገር እለምንዎታለሁ። ሐኪምዎ ያዘዘውን ፓፍ ጠዋትና ማታ እንዳይተዉ። ባዶ ሆድዎን እንዳይሠሩ። ራስዎን ካዞረዎ ይቀመጡ፤ መቀመጥ ሽንፈት አይደለም። አንድ ነገር ደግሞ ለክተው ይጻፉልኝ፦ በስድስት ደቂቃ ስንት የመብራት ምሰሶ ይሄዳሉ? ፓፉንስ በቀን ስንት ጊዜ ይወስዳሉ?

አቶ ወንድዬን አስታውሳቸዋለሁ። ልጆች ሳለን ከረሜላ ልንገዛ ስንሄድ በራቸው ላይ ተቀምጠው እናያቸው ነበር። ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

አክባሪዎ ልጅዎ እምነት


አቃቂ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእምነት፣

እጅሽ አይንጠፍ፤ የያዝሽው ትምህርት ይቅናሽ። ወረቀቱ ኅዳር 17 ደረሰኝ። ሥዕልሽ ጥሩ አይደለም፤ አራተኛው ገጽ ላይ ያለው ሰውዬ አንገቱ የተሰበረ ይመስላል። ግን ይገባል። ስምንቱንም ግድግዳ ላይ በተርታ ለጥፌአለሁ።

ስሙ ላይ ክርክር ነበረኝ። እኔ ጨርቅ አውቃለሁ፤ ሐር ከትንፋሽ ጋር ምን አገናኘው ብዬ ሳምንት ሙሉ ተናደድኩ። ከዚያ በእጄ ገባኝ። ክር በእኩል ውጥረት ሲሳብ ነው የሚሄድልሽ፤ በድንገት ከጎተትሽው ይበጠሳል፣ ከለቀቅሽው ይጠላለፋል። ትንፋሼን ያን ዓይነት ክር ነው ብዬ ስይዘው ተራዘመ። ይህን በደብዳቤሽ አልጻፍሽውም። መጻፍ ነበረብሽ።

የምሠራው በግቢዬ ነው፤ አጥሩ ደግሞ ዝቅ ያለ ነው። ካሳሁን በመጀመሪያው ቀን አንገቱን አስግጎ «ተክሌ፣ ትራፊክ ፖሊስ ተቀጠርክ? ማንን ነው የምታሳልፈው?» አለኝ። አንተን አላሳልፍህም አልኩት። ሁለት ሴቶች ደግሞ ወደ ምሥራቅ ዞሬ እጄን ስዘረጋ አይተው ተክሌ ሃይማኖቱን ለወጠ፣ ለፀሐይ ይሰግዳል አሉ፤ ወሬው የንስሐ አባቴ ዘንድ ደረሰ። ጠሩኝ። ሄጄ ሁለቱን እንቅስቃሴዎች ፊታቸው ሠርቼ አሳየኋቸውና ይህ የክንድ ሥራ ነው፣ ስግደት አይደለም አልኳቸው። ለወገባቸው ይረዳ እንደሆነ ጠየቁኝ። ወሬው ከዚያ በኋላ በረደ። ወደ ምዕራብ ዞሬ ብሠራ ገና ድሮ ይበርድ ነበር፤ አልዞርኩም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚመጣ አንድ ቻይናዊ ፎርማን አለ፤ ሙህዲን ሱቅ ውኃ ይገዛል። ሱቁ ከግቢዬ ፊት ለፊት ነው። አንድ ጠዋት ቀስቱን ስስብ አየኝ፤ ሳቀ፤ ከዚያ ውኃውን መሬት አስቀመጠና ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ራሱ ሠራው። በእጁ ትከሻዬን አመለከተና ዝቅ አድርገው የሚል ምልክት ሰጠኝ። ዝቅ አደረግሁ። ሥራ የሚያውቅ ሰው ሲያርመኝ አልቆጣም።

በስድስት ደቂቃ አምስት ምሰሶ ተኩል ሄጃለሁ። መጀመሪያ አራት ነበር።

ዋናውን አቆየሁት። ታኅሣሥ 20 ቀን ጥሩምባ ተነፋ፤ ቀብር ነበር። ካህናቱ ለፍትሐት ባረፉበት ሁሉ እኔም እያረፍኩ፣ ሐዲዱን ተሻግሬ፣ ዳገቱን ወጣሁ። አስከሬኑ ከመውረዱ በፊት መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሜ ነበር። ካሳሁን እንደ ደረስኩ በመዝገቡ ላይ ሲጽፍ አየሁት።

ስለዚህ መንገዱ ተገኝቷል። ትንፋሼን ከፋርማሲ እየገዛሁ መኖር አልወድም፤ በክንዴ የማገኘው ይበቃኛል። ከእነዚህ የከበደ ካለ ላኪ።

አጎትሽ ተክሌ


ቼንግዱ፣ ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ተክሌ፣

እንደምን ከረሙ? ዳገቱን መውጣትዎን ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ። ሥዕሌን የሰደቡበትን ቦታ ለጓደኞቼ ተርጉሜ አነበብኩላቸው፤ ሰማንያ ሁለት ዓመት የሞላቸው ልብስ ሰፊ ስለ ክሩ የጻፉትን ሰምተው «ይህ የእኛ ሙያ ሰው ነው» አሉ።

ከዚህ በታች ያለው ግን አያስደስትዎትም።

ሁለት ጥያቄ ጠይቄዎት ነበር። ስለ ምሰሶው መለሱልኝ። ስለ ፓፉ አንዲት ቃል የለም። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አገላብጬ ፈለግሁ። ከዚያ አሰጋሽን ጠየቅኋት፤ አዎ፣ በስልክ። ሁለት ፓፍ ሳይከፈት መደርደሪያ ላይ እንዳለ ነገረችኝ። የታኅሣሡን ቀብር ያለ መድኃኒት ነው የወጡት ማለት ነው።

በሙያዎ ቋንቋ ልንገርዎ። አንድ ማሽን ዘይት ሲያጥረው ይከብዳል። ጎበዝ ሠራተኛ ግን ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ጭነቱን አቅልሎ፣ ለተወሰነ ጊዜ ያሠራዋል። ሐሩ፣ ማለትም እንቅስቃሴው፣ ያ ጎበዝ ሠራተኛ ነው። ዘይት ግን አይሆንም። የጠበበውን ቧንቧ ፓፉ ትንሽ ይከፍተዋል፤ እንቅስቃሴው በተከፈተው በኩል የሚያልፈውን እንዳያባክኑ ያስተምርዎታል። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። የነገርኩዎት የከሰል ሠራተኛ ልክ እንደ እርስዎ ተሻለኝ ብሎ መድኃኒቱን ተወ። በሦስተኛው ሳምንት በአምቡላንስ መጣ። በሕይወት አለ፤ አሁን ግን ያንን ደረጃ አይወጣም።

ከእነዚህ የከበደ እንድልክልዎ ጠይቀዋል። አልክም። ለቀረበው ጥያቄ መልስ እስካላገኘሁ ሌላ ሥዕል የለም።

ይህን ስጽፍ ፈርቻለሁ። ግን ጽፌዋለሁ።

ልጅዎ እምነት


አቃቂ፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

እምነት፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ።

በፋብሪካ ሳለሁ አለቃ እንዲህ አድርጎ አልጻፈልኝም። ለጠየቅሽው መልስ ይኸውልሽ። ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ አንዱን ፓፍ ከፍቻለሁ፤ ማሽን ያልሽው ትክክል ስለሆነ ነው እንጂ ስላስፈራራሽኝ አይደለም። የጠዋቱን ግን አልወስድም። ዐቢይ ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት በአፌ ውኃ አላስገባም፤ ጣዕም ያለው ጭስም አላስገባም። ስልሳ ዓመት እንዲህ ጾሜአለሁ፤ ለአንድ ቀይ ቆርቆሮ ብዬ አላፈርስም። ማንንም አልጠየቅሁም፤ የሚጠየቅ ነገርም አላየሁበትም።

ዘንድሮ ረመዳንና ጾማችን ገጥመዋል። የሙህዲን እናት ሐጀራ የእኔ ዓይነት ደረት ነው ያላት። ሱቁ በር ላይ በርጩማዋን አውጥታ ትቀመጣለች፤ እኔ በአጥሬ በኩል እቆማለሁ። እሷ እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ ትጠብቃለች። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ከእሷ ላንስ ነው?

ሐሩን በየቀኑ እሠራለሁ፤ ሆዴ ባዶ ቢሆንም። የምሰሶውን ቁጥር በዚህ ወር አልለካሁትም። የእጅ ጽሑፌ የተጣመመው ብዕሩ መጥፎ ስለሆነ ነው።

ተክሌ


ቼንግዱ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ተክሌ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሕይወት አደረስዎ። በሕይወት የሚለውን ሆን ብዬ ጽፌዋለሁ።

በሰሞነ ሕማማት ግቢዎ ውስጥ ወድቀው፣ ሙህዲን በጀርባው ተሸክሞ መኪና ላይ እንዳወጣዎት፣ አምስት ቀን በኦክስጅን እንደተኙ ሰምቻለሁ። ብዕሩ መጥፎ ነው ያሉኝ ደብዳቤ የደረሰኝ እርስዎ ሆስፒታል ሳሉ ነው። አንብቤ አለቀስኩ፤ ቀጥሎ ተናደድኩ። የተናደድኩት በራሴም ነው። ባዶ ሆድዎን አይሥሩ ብዬ ስጽፍ ስለ ጾም አላሰብኩም። አቃቂ ያደግሁ ልጅ ያንን መርሳት አልነበረብኝም። አንድ መስመር ብጨምር፣ ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ ብል፣ ምናልባት ይህ ባልሆነ።

አሁን ሌላ ሥዕል አልክም፤ ሌላም ነገር አልጠይቅም፤ ከአንድ በስተቀር። ልጅ ሳለሁ አቶ ወንድዬ ከዳኝነት በወረዱ ሰሞን አንድ ቀብር በበራቸው ሲያልፍ አይቻለሁ። ከወንበራቸው ተነሡ፣ በሩን ይዘው ቆሙ፣ ሰልፉ እስኪያልፍ ድረስ አልተቀመጡም። ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። እርስዎ ከፊት ነበሩ። ካሳሁን አንቀጹ ይሻሻል ሲል ስላዘነልዎት አይምሰልዎ፤ ከእንግዲህ ሰው እንደዚያ በር ይዞ እንዳይቆም ነው። ይሻሻል ይበሉ። ለእርስዎ ካልሆነ ለሚቀጥለው።

ሲያገግሙ በሁለት እጥፍ ዕረፍት ከአንደኛው ይጀምሩ።

ልጅዎ እምነት


አቃቂ፣ ሰኔ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለእምነት፣

ከሩቅ ሆነሽ የምትቆጪኝን ልጅ አምላክ ዕድሜሽን ያርዝመው። ብዙ የምጽፈው አለኝ፤ በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

ከሆስፒታል በወጣሁ በማግስቱ ሐጀራ በርጩማዋ ላይ ሆና ጠራችኝ። ለካ ረመዳን ሲገባ ሼኳን ጠይቃ፣ በሽተኛ ነሽ፣ መድኃኒትሽን ውሰጂ ተብላ፣ ወሩን ሙሉ ከመጋረጃ ጀርባ ስትነፋ ነበር። «አንተ ከእኔ ጋር ስትፎካከር እኔ ነፍቼ ወጥቼ ነው የተቀመጥኩት» ብላ ሳቀችብኝ። ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ሲሰሙ ተቆጡ፤ ጾም በሽተኛን ሊገድል አልታዘዘም፣ ምነው ሳትጠይቀኝ አሉ። ለክንድ ሥራው ጠርተውኛል፤ ለመድኃኒቱ እኔ ነበርኩ መሄድ የነበረብኝ። ይህ ስህተት የእኔ ነው። ያንቺ አይደለም፤ ለራስሽ አትውሰጂው።

ፓፉን ጠዋትና ማታ እወስዳለሁ። ሐሩን ከቁርስ በኋላ እሠራለሁ። በስድስት ደቂቃ ሁለት ምሰሶ ላይ ወርጄ ነበር፤ ግንቦት ሲያልቅ ስድስት ደረስኩ።

ግንቦት 28 ቀን ጥሩምባው የወንድዬን ስም ጠራ።

ወደ ድንኳኑ ስገባ ሚስቱ ብዙወርቅ ከሴቶቹ መካከል ቀና ብላ አየችኝ። «አንተ በእግሩ ሰበብ አባረርከው» አለች። «በል በእግርህ ሸኘው።»

እሸኘዋለሁ አልኳት።

ከድንኳኑ ፊት፣ ዘጠና አባወራ እያየ፣ ፓፉን ከኪሴ አውጥቼ ነፋሁ። እስከዚያ ቀን ለዚህ ጓዳ እገባ ነበር። ከዚያ ተነሣን። ዝናቡ መንገዱን አጨቅይቶታል። ካሳሁን አንድ ባጃጅ ከኋላዬ ቀስ እያለ እንዲከተለኝ አድርጎ ኖሯል፤ ሞተሩን ሰምቼ ዞርኩና ሾፌሩን መለስኩት። እስከ ሐዲዱ ድረስ ከሬሳው እኩል ነበርኩ። ዳገቱ ላይ፣ ሃያ ሁለተኛው ምሰሶ ጋ፣ ትንፋሼ አጠረ። ቆምኩ። ክንዴን ምሰሶው ላይ አስደግፌ፣ ከንፈሬን ጠበብ አድርጌ፣ ክሩ እስኪራዘም ጠበቅሁ። ሰልፉ ራቀኝ። በመስከረም የቆምኩት ጉልበቴ ስለታጠፈ ነው። ያን ቀን የቆምኩት ራሴ ወስኜ ነው። ልዩነቱን አንቺ ታውቂዋለሽ። ሁለት ጊዜ እንዲህ ቆምኩ።

የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስደርስ አፈር ሣጥን ላይ ሲወድቅ ሰማሁ።

እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። ካሳሁን መዝገቡን ገልጦ ዳኛው ደርሰዋል፣ እኔ አይቻለሁ ብሎ አነበበ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ፤ ይለፍ፣ ይለፍ አሉ። ሃያ ዓመት አብሮኝ ሲሠራ ካሳሁን ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ተነሣሁ። «አልደረስኩም፤ አፈሩን የሰማሁት ከበሩ ውጭ ሆኜ ነው» አልኩ። ማኅተሙን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ወንድዬም ያኔ እኔ ፊት ያኖረው እንዲሁ ነበር።

ከዚያ ያልሽውን ተናገርኩ። ማኅተሙ ከእጄ ስለወጣ ለራስህ ነው የሚለኝ የለም። አንቀጽ አሥራ አራት ይሻሻል፤ ከእኔ በኋላ ያለው ዳኛ ትንፋሽ ቢያጥረው ሰልፉ ያቁምለት፤ ካልቻለ በፈለገው ይሂድ አልኩ። ተስማሙ። ካሳሁን ማሻሻያው ወደ ኋላ ተመልሶ ለተክሌም ይሥራ አለ። ደንብ ወደ ኋላ አይሠራም፤ ይህንንም የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኩት።

ካሳሁንን ዳኛ አደረጉት። የአቅመ ደካሞቹን መዝገብ ይዞ ቤቴ መጣ፤ ስሜን ለመጻፍ ብዕሩን አነሣና ተወው። ነጠቅሁትና ስሜን በራሴ እጅ ጻፍኩ፤ በትልልቅ ፊደል። መዝገቡ በውስጡ ያለ ሰው ከቀብር መቅረት ይፈቀድለታል ይላል። «የግድ ይቅር» አይልም። ዓረፍተ ነገሩን ማን እንደጻፈው ታውቂያለሽ።

ሥዕሎችሽን ሐጀራ በትልቁ ትፈልጋቸዋለች፤ ዓይኗ ደክሟል። ካሳሁንም ለራሱ የሚሆን ቅጂ እንድጠይቅለት ልኮኛል፤ እሱም ያንኑ ጥጥ ነው የዋጠው። ለእሱ ስትልኪ ስለ ፓፉ የጻፍሽውን በቀይ አስምሪበት። ለአራተኛው ሰውዬ አንገት አብጂለት።

አሁን የመጨረሻውን ልንገርሽ። ሰኔ 25 ቀን እንደገና ቀብር ነበር። አስከሬኑ ከድንኳኑ በስድስት ሰዓት ይነሣል ተባለ። እኔ ቁርሴን በልቼ፣ ፓፌን ነፍቼ፣ ሐሬን ሠርቼ፣ በአራት ሰዓት ተኩል ከቤቴ ወጣሁ። አሥር ምሰሶ፣ ዕረፍት። ሐዲዱን ተሻገርኩ። ስምንት ምሰሶ፣ ዕረፍት። ዳገቱን አምስት አምስት እያደረግሁ ወጣሁት። ባጃጆች እያዘገሙ «አባባ፣ ግቡ» አሉኝ፤ በእጄ አሳለፍኳቸው።

ሰልፉ ሲመጣ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ትንፋሼ ተመልሶ። ካሳሁን ከፊት ነው፤ ማኅተሙ ኪሱን ወጥሮታል፤ ላብ ፊቱን አጥቦታል፤ ደረቱ ሲያፏጭ ከሩቅ ይሰማል። አየኝና ቆመ።

«አንተ መዝገቡ ላይ ያለህ ሰውዬ አይደለህም እንዴ?» አለኝ።

«ነኝ» አልኩት። «ዘገያችሁ።»

አጎትሽ ተክሌ